መጀመሪያ መኪናዋን መዝኗት፦ ስለ ፒክአፕ ባሌስትራ፣ ሾክና ጎማ አመራረጥ

ይህ ጽሑፍ ከከተማ ወጣ ብለው ለሚሠሩ ሾፌሮችና ለፒክአፕ ባለቤቶች አዲስ አበባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካከልኩት እንጂ አነጋገሩን አልቀየርኩትም።

እንደምን አደራችሁ! ቅዳሜ ጠዋት እንቅልፋችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ስገባ ግቢ ውስጥ የቆሙትን መኪኖች ዞር ዞር ብዬ አየሁ። አብዛኞቹ ሃይሉክስ ናቸው። ዲ-ማክስም ኤል 200ም አሉ። አንዳንዶቹ ሊፍት ተደርገው ከፍ ብለዋል። አንዳንዶቹ ፓራፋንጎ የሚነካ ጎማ አጥልቀዋል። ሁለቱ ደግሞ አፍንጫቸው ወደ ላይ ቀንቶ ኋላቸው ቁጭ ብሏል። እኔን ያሳሰቡኝ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ጎንበስ ብዬ ሳይ የኋላቸውን ክብደት የሚሸከመው የተደራረበ ብረት፣ ባሌስትራቸው፣ አዲስ ነው፤ ቀለሙ ገና አልለቀቀም። ገንዘብ ወጥቶባቸዋል ማለት ነው። ችግሩ ግን እዚያው አለ።

ዛሬ ብዙ ነገር እናወራለን። ሁሉም የሚመነጨው ግን ከአንድ ቦታ ነው። መኪናችሁ ስንት ኪሎ እንደምትመዝን ሳታውቁ ሞላም (የፊቱ ክብ ስፕሪንግ)፣ ባሌስትራም፣ ጎማም አትግዙ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ደብል ጋቢና ፒክአፕ አለው። ለጥናት ቡድኖች ያከራያታል፤ ሾፌሩም ራሱ ነው። "አዲስ ያስገባሁት ባሌስትራ በስድስት ወሩ ወደቀ፣ አጭበርብረውኛል" አለኝ። በጣም ተናዷል። ሄጄ አየኋት። ፊቷ ላይ ወፍራም የብረት መከላከያ ተገጥሞላታል። ካሶኒው በብረት ካኖፒ ተሸፍኗል። ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ አለ፤ እዚያ ላይ ሁለተኛ ስኮርት ጎማ ታስሯል። ካሶኒው ውስጥ የእንጨት መሳቢያ፣ ሁለተኛ ባትሪና ፍሪጅ አለ። "መስክ ስትወጣ እንደምትጭናት አድርገህ ጫናት" አልኩት። ውሃውንም ናፍጣውንም ሞላ። ሰዎቹንም አሳፈረ። የጭነት መኪና ወደሚመዘንበት ሚዛን ይዘናት ሄድን።

መጀመሪያ የፊት ጎማዎቿን ብቻ ሚዛኑ ላይ አወጣን። ቀጥለን ሙሉዋን። ከዚያ የኋላዎቹን ብቻ። ሦስት ቁጥር በወረቀት ተሰጠን። መመሪያ መጽሐፏ ከነጭነቷ ከ2910 ኪሎ እንዳታልፍ ይላል። ሚዛኑ 3240 አለ። ትርፉ ደግሞ ከሞላ ጎደል ኋላ ላይ ነው ያረፈው። ባሌስትራው ምንም አልበደለም። ወዳጄ ወረቀቱን ይዞ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ክብደት እንዲህ ነው፣ ቀስ እያለ ነው የሚገባው። 20 ሊትር ናፍጣ ጀሪካኑ ሳይቆጠር 17 ኪሎ ያህል ነው። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ትልቅ ጎማ ከነቸርኬው 35 ኪሎ ይደርሳል። አምስት ሰው ከነሻንጣው 400 ኪሎ ያልፋል። አንድ ፒክአፕ "አንድ ቶን ይጭናል" ሲባል ብዙ ሰው ካሶኒው ላይ ብቻ የሚጫን አንድ ቶን ይመስለዋል። አይደለም። ሰዎቹም፣ ካኖፒውም፣ የብረት መከላከያውም፣ ፍሪጁም የሚቀነሱት ከዚያችው አንድ ቶን ላይ ነው።

ስለዚህ ሁለት ቁጥር ያስፈልጋችኋል። አንዱ ከመኪናዋ ፈጽሞ የማይወርደው ክብደት ነው። ሌላው አልፎ አልፎ የሚጫነው ነው። ሞላና ባሌስትራ የሚመረጠው በዋናነት በመጀመሪያው ነው። እንደ አውስትራሊያው ኦልድ ማን ኢሙ ያሉ የታወቁ አምራቾች ለአንዲት መኪና ብዙ ዓይነት ይሠራሉ። ባዶዋን ለምትሄድ አንድ፣ ቀላል ቋሚ ጭነት ላላት ሌላ፣ ለከባድ ቋሚ ጭነት ደግሞ ሌላ። ለፊት ሞላም እንደዚሁ ነው፤ የብረት መከላከያ ያላትና የሌላት መኪና አንድ ዓይነት ሞላ አያደርጉም።

"ለማንኛውም ከባዱን ልግዛ" የሚል አለ። ይህን ስሰማ አዝናለሁ። ለ500 ኪሎ ቋሚ ጭነት የተሠራ ባሌስትራ ባዶ መኪና ላይ ሲገባ እንደ ድንጋይ ነው። የኋላ ጎማው መንገዱን ይዞ መሄድ ትቶ ይዘላል። ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ኩርባ ላይ የኋላው ሲከዳችሁ ሰበቡ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ወገቡ ይሰበራል። የሾክ መያዣው ብረት ከሻንሲው (ከመኪናዋ የብረት አጽም) ላይ መሰንጠቅ ይጀምራል። እኔም በወጣትነቴ ይህን ስህተት ሠርቻለሁ። መንገድ ላይ የተሰነጠቀውን መያዣ በሽቦ አስሬ 90 ኪሎ ሜትር በእግር ፍጥነት ተመልሻለሁ።

ወዳጄ ምን አደረገ? ሁለተኛውን ስኮርት ከጣሪያ አወረደ። የብረቱን ካኖፒ ሸጦ ሸራ አስገባ። ከዚያ በኋላ ለመካከለኛ ቋሚ ጭነት የሚሆን ባሌስትራ ገዛ። መኪናዋ እስካሁን ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

አሁን ስለ ባሌስትራ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እኛ አገር በጣም የሚነካካው እሱ ነው።

ባሌስትራ የተደራረቡ ብረቶች ናቸው። ከላይ ያለው ረጅሙ ዋናው ነው፤ ጫፎቹ ተጠቅልለው ሻንሲው ላይ በጎሚኒ፣ ማለትም በላስቲክ፣ ይያዛሉ። ከሥሩ ያሉት እያጠሩ ይሄዳሉ። ብዙ ፒክአፕ ላይ ከታች ቀጥ ያለ ወፍራም ብረት አለ። እሱ ባዶ ስትሆኑ ሥራ የለውም። ጭነት ሲመጣ ብቻ ነው የሚደገፈው። በጣም ብልህ አሠራር ነው፤ ባዶ ስትሆን ለስላሳ፣ ስትጫን ጠንካራ።

አሁን መኪናዋ ኋላዋ ሲወድቅ ምን ይደረጋል? ከአሮጌ መኪና የወጣ ብረት ተፈልጎ በመሃል ይጨመራል። ርካሽ ነው። በግማሽ ቀን ያልቃል። ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው አልልም፤ ችግሩ ያለው የብረቱ ጉብጠት ላይ ነው። የተጨመረው ብረት ከጎረቤቶቹ ጋር እኩል ካልጎበጠ ጭነቱን ለብቻው ይሸከማል። ከዚያ ወይ እሱ ይሰበራል፣ ወይ ከላይ ያለውን ዋናውን ይሰብረዋል። ዋናው ሲሰበር ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው አክስል ከቦታው ይሸሻል። ገደል አፋፍ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባለሙያው ብረቶቹን አንድ ላይ ደርድሮ በመካከላቸው ብርሃን እንዳያሳልፉ አድርጎ ካጎበጣቸው ያ ሌላ ነው። እንዲህ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ካገኛችሁ አትልቀቋቸው።

ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ዩ-ቦልቶች ሲፈቱ አዲስ ግዙ። አንድ ጊዜ ጠብቀው የተሳቡ ናቸው፤ ድጋሚ ሲታሰሩ የመጀመሪያውን አይዙም። አዲሶቹንም ቢሆን 500 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ መልሳችሁ አጥብቋቸው።

የንፋስ ከረጢትም አለ። ባሌስትራው ላይ ተገጥሞ በንፋስ ኋላውን ከፍ ያደርጋል። ለአስፋልት ለተጎታች ጥሩ ነው። ለኮረኮንች ግን እጠነቀቃለሁ። ባሌስትራ ክብደቱን ሻንሲው ላይ በሁለት ቦታ ያካፍለዋል። ከረጢቱ መሃል ላይ በአንድ ነጥብ ይገፋል። ከመጠን በላይ የተጫነ ደብል ጋቢና በከረጢት ተደግፎ ጉድጓድ ሲመታ ሻንሲው ከጋቢናው ጀርባ ይታጠፋል። አውስትራሊያ ውስጥ ይህ በሰፊው የታወቀ ጉዳት ነው።

ወደ ፊት እንሂድ። ቪጎ የሚባለው ሃይሉክስና ከዚያ ወዲህ የመጡት ፊት ለፊት ክብ ሞላ አላቸው። ከእ.ኤ.አ. 2005 በፊት የነበሩ ብዙ ሃይሉክሶችና የመጀመሪያው ትውልድ ዲ-ማክስ ግን ሞላ የላቸውም። በሞላ ፋንታ የሚጠመዘዝ ረጅም የብረት ዘንግ ነው ያላቸው። የዘንጉን ብሎን ስታጠብቁት ፊቷ ከፍ ይላል። ነፃ ሊፍት ይመስላል። ዘንጉ ግን አልጠነከረም። መነሻ ቦታው ብቻ ነው የተቀየረው። ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ርቀት ተበልቷል። ጉድጓድ ሲመጣ ጎማው ተከትሎ መውረድ ስለማይችል "ጧ!" የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ሞላው አናት ላይ የሚገባው የማስነሻ ቀለበትም ያው ነው። ቁመት ይሰጣል፣ ጉልበት አይሰጥም።

ስንት ይነሣ ለሚለው፣ የፊት እግሮቿ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ፒክአፕ ላይ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ይበቃል ነው የምለው። ከዚያ ካለፈ ኃይሉን ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰው መገጣጠሚያ፣ ሲቪ ጆይንቱ፣ በተጣመመ አንግል ይሽከረከራል፤ የላስቲክ ሽፋኑ ቶሎ ይቀደዳል፤ አቧራ ይገባል፤ ያልቃል። የፊት ጎማውን ከላይ የሚይዘው ክንድም መቀየር ይኖርበታል። ሊፍት ካስደረጋችሁ በዚያው ቀን አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አሠሩ። ነገ አትበሉ። አዲስ ጎማ በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በአንድ ጎኑ ተላጭቶ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ብዙ ጋራዥ አይነግራችሁም። ብዙ ፒክአፕ ላይ ከኋላ አክስል ወደ ሻንሲው የምትሄድ ቀጭን ዘንግ አለች። ዘንጓ ጫፍ ላይ የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት ቫልቭ አለ። ሥራው መኪናዋ መጫን አለመጫኗን ማወቅ ነው። ኋላዋ ዝቅ ሲል "ተጭናለች" ብሎ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይሰጣል። ኋላዋ ከፍ ሲል "ባዶ ናት" ብሎ ይቀንሳል። አሁን አስቡት። ኋላዋን በ50 ሚሊ ሜትር አነሣችኋት። ካሶኒው ላይ 600 ኪሎ ጭናችኋል። ቫልቩ ግን ባዶ ናት ብሎ ያምናል። የኋላ ፍሬናችሁ በጣም በሚያስፈልጋችሁ ሰዓት ደከመ ማለት ነው። መፍትሔው ትንሽ ነው፤ የዘንጓን መያዣ በተነሣችው ልክ ማስተካከል። ሊፍት ያስደረጋችሁ ሁሉ ዛሬ ወደ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ይህችን ዘንግ ፈልጓት። እለምናችኋለሁ።

አሁን ሾክ። ሾክ ክብደት አይሸከምም። ክብደት የሚሸከሙት ሞላና ባሌስትራ ናቸው። የሾክ ሥራ እንቅስቃሴውን ማስቆም ነው፤ የሚያስቆመው ደግሞ ወደ ሙቀት እየለወጠ ነው። ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ሲገፋ ይግላል። እዚህ ላይ ነው የኛ መንገድ ጠላቱ የሚሆነው። ጠጠር መንገድ ላይ እንደ ቆርቆሮ የተሸነሸነውን ታውቁታላችሁ። ሽንሽኖቹ በ70 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁና እናንተ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ፣ ሾኩ በሰከንድ 28 ጊዜ ገደማ ይመታል። ለሰዓታት። ዘይቱ ይግላል፣ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ምንም አያስቆምም። ሾፌሩ መጀመሪያ መሪው ቀለል ሲለው ነው የሚያውቀው። ከዚያ ኩርባ ይመጣል።

አንድ ጊዜ ከቱርሚ ወዲያ እንዲህ ባለ መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል ሄድን። የመኪናዋ ኋላ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። አቆምኩ። ከሥር ገብቼ በእጄ ጀርባ ሾኮቹን አንድ በአንድ ቀስ ብዬ ነካሁ። ሦስቱ እንደ ጀበና ያቃጥላሉ። የኋላ ቀኙ ለብ ብቻ ያለ ነው። ሰው ሁሉ የጋለው የተበላሸ ይመስለዋል። የጋለው እየሠራ ነው። ቀዝቃዛው ነው የሞተው። ይህን ምርመራ በነፃ ውሰዱት። ስትነኩ ግን እጃችሁን አስጠግታችሁ ሙቀቱን ሞክሩ እንጂ ጥርቅም አድርጋችሁ አትያዙት፤ ያቃጥላል።

ስትገዙ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው ባለ ሁለት ቱቦ ነው፤ ቱቦ ውስጥ ቱቦ። ሌላው ባለ አንድ ቱቦ ነው፤ ናይትሮጅን ጋዝ በከፍተኛ ግፊት ተሞልቶበታል። ባለ አንዱ ሙቀቱን በቀጥታ ለንፋስ ስለሚሰጥ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ አረፋም ብዙ አይሠራም። ግን ግድግዳው በድንጋይ ከተረገጠ ውስጡ ያለው ፒስተን ይያዛል። ባለ ሁለቱ ድንጋይ ቢመታው የውጪው ብቻ ይጎዳል፤ ሥራውን ይቀጥላል። ለረጅም ሽንሽን መንገድ ባለ አንድ ቱቦውን እመርጣለሁ። ድንጋይ ለድንጋይ ለሚውል፣ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ግን ወፍራም ባለ ሁለት ቱቦ ይበቃዋል። ከሁሉም በላይ ሾኩ ከሞላው ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። ጠንካራ ባሌስትራ አስገብቶ የፋብሪካውን አሮጌ ሾክ መተው ገንዘብ መጣል ነው።

ወደ ጎማ መጣን። በኔ እምነት ከዛሬው ርዕስ ግማሹ እዚህ ነው ያለው።

ሊፍት የኋላ ዲፈረንሻሉን፣ አክስሉ መሃል ያለውን የማርሽ ቤት፣ አንዲት ሚሊ ሜትር አያነሣውም። አክስሉ ጎማው ላይ ነው የተቀመጠው። ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። ስንት? የብዙ ሃይሉክስ ጎማ 265/65 ባለ 17 ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ነው። 265/70 ብታደርጉት 803 ይሆናል። የምታተርፉት የልዩነቱን ግማሽ ነው፤ 13 ሚሊ ሜትር። 285/70 ቢሆን 831፤ ትርፉ 27 ሚሊ ሜትር ገደማ። ይህ የጣት ውፍረት ያህል ነገር ነው። ዋጋው ደግሞ አለ። የፋብሪካው ጎማ 17 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ባለ ወፍራም ጎኑ 285/70 እስከ 25 ኪሎ ይደርሳል። በአራት እግር ስታባዙት ከሾኩ በታች የሚንቀጠቀጥ 32 ኪሎ ተጨመረ። ሽንሽን መንገድ ላይ ሾኩ የሚታገለው ከዚህ ጋር ነው።

ሌላም አለ። ጎማው በ7 በመቶ ሲያድግ የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል እናንተ 107 እየሄዳችሁ ነው። ሞተሩ ደግሞ ሁሉንም ማርሽ ረዝሞ ያገኘዋል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ሳስቷል። ቱርቦ የሌላት አሮጌ ባለ 5ኤል ሞተር ናፍጣ መኪና ከጉልበቷ ይህን ያህል ቀድሞውኑ አጥታለች። ከዚያ ላይ ትልቅ ጎማ ስትጨምሩባት ዳገት ላይ ታለቅሳለች። ቁልቁለት ደግሞ ይብሳል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። እዚያ የሚይዛችሁ የሞተሩ ማርሽ ነው። ማርሹ ሲረዝም የሞተሩ ማቆም ይላላል፤ እግራችሁ ፍሬን ላይ ይውላል፤ ፍሬኑ ይግላል። አባይ በረሃ ላይ የተቃጠለ ፍሬን የሸተተው ሰው ይህን አይረሳም።

ለዚህ ነው ለብዙዎቻችሁ ከፋብሪካው አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ በሉ የምለው። መጠን ስትመርጡ ደግሞ ጂንካ ወይም ሰመራ ላይ ቢፈነዳባችሁ ምን ታገኛላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። አሮጌዎቹ ላንድክሩዘሮች የሚያደርጉት 7.50 ባለ 16 ቀጭን ጎማ ቆንጆ ላይመስል ይችላል። ግን ከመነዳሪውም (የውስጥ ላስቲኩም) ጎማውም በየወረዳው አለ። መስክ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጥርሱስ? ኤችቲ ለአስፋልት ነው። ኤምቲ ለጭቃ ነው፤ ጥርሱ ትልቅና የተራራቀ ነው። ኤቲ መሃል ላይ ነው። ከሥራችሁ አብዛኛው አስፋልትና ጠጠር ከሆነ ኤቲ ግዙ። ኤምቲ እርጥብ አስፋልት ላይ ለማቆም ረጅም ርቀት ይፈልጋል፤ ድምፁም ጆሮ ይበላል። ክረምት ላይ መረሬ ውስጥ የሚውል ሰው ግን ሌላ ነው። መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ሲርስ የኤቲን ጥርስ እንደ ሊጥ ይሞላዋል፤ ጎማው ልሙጥ ይሆናል። ኤምቲ ሲሽከረከር ጭቃውን ያራግፋል። ለእንዲህ ያለ ሰው ጫጫታውን ቻለው እለዋለሁ።

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ከመጠኑ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሚሸከመው ክብደት ነው። 112 ማለት አንዱ ጎማ 1120 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ኤልቲ የሚል ካለ ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ ጠንካራ ጎን ያለው ነው። ዲኦቲ ከሚለው መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የተሠራበት ጊዜ ናቸው። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ። "አዲስ ነው፣ አልተነዳም" ተብሎ ስምንት ዓመት መጋዘን የቆየ ጎማ እንዳትገዙ።

ንፋስ ላይ ደግሞ ልንገራችሁ። አንድ ጠዋት ጎሚስታ ዘንድ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ልጅ ጎማ አምጥቶ "ያለምክንያት ፈነዳ" አለ። ጎሚስታው ከቸርኬው አላቀቀው። ገለበጠውና መሬት ላይ መታ መታ አደረገው። ከውስጡ ጥቁር ዱቄት ወረደ፤ ልክ እንደተወቀጠ ቡና። ጎሚስታው አንድ ቃል አልተናገረም። ዱቄቱን በጣቱ አንስቶ ለልጁ አሳየው። ያ ዱቄት የጎማው ጎን ነው። በትንሽ ንፋስ በአስፋልት ላይ በፍጥነት ሲነዳ ጎኑ እየታጠፈ፣ እየጋለ፣ ከውስጥ ራሱን ሲፈጭ ቆይቷል።

ንፋስ መቀነስ ግን ትልቁ መሣሪያችሁ ነው፤ ቦታውን ማወቅ ነው። አሸዋ ላይ ወደ 18 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አውርዱ። ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ ይረዝማል፣ ይንሳፈፋል። ያለ ምንም አዲስ ዕቃ መኪናዋ ሌላ መኪና ትሆናለች። ሽንሽን ጠጠር ላይ 36 የነበረውን 28 አድርጋችሁ ፍጥነት ቀንሱ፤ ሾኩም ወገባችሁም ያርፋል። ኤርታ አሌ አካባቢ ያለው የቀዘቀዘ ገሞራ ላይ ግን ብዙ አታውርዱ። ጎኑ ሲያብጥ የድንጋዩ ስለት ይቀድደዋል። ከመነዳሪ ያለበት ጎማ ንፋሱ በጣም ሲወርድ ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና አፉን ይቆርጠዋል፤ እሱንም ተጠንቀቁ። አስፋልት ከመግባታችሁ በፊት መልሳችሁ ሙሉ። ስለዚህ ከሊፍት በፊት ኮምፕሬሰርና የራሳችሁ መለኪያ ይኑራችሁ።

ከደጋ ወደ ቆላ ስንወርድ ንፋሱ ምን ይሆናል ብላችሁ ብዙ ጊዜ ትጠይቁኛላችሁ። አዲስ አበባ ጠዋት በ15 ዲግሪ 32 ሞላችሁ እንበል። ሰመራ ስትደርሱ የውጪው አየር ይከብድና መለኪያው ላይ 3 ያህል ይቀንሳል። የ40 ዲግሪው ሙቀት ደግሞ 4 ያህል ይጨምራል። መኪናዋን አቁማችሁ ጎማው የጉዞው ሙቀት ሲበርድለት ብትለኩ 33 ገደማ ታገኛላችሁ። ተካካሱ። አደጋው መልሱ ላይ ነው። ሰመራ ላይ ከመንገድ እንደገባችሁ፣ ጎማው ትኩስ እያለ 32 ሞልታችሁ ብትመጡ፣ አዲስ አበባ በ10 ዲግሪ ንጋት 28 ብቻ ታገኛላችሁ። በማግስቱ ጠዋት ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ለኩ።

ጥያቄ ስንቀበል አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነሡ። "ልጄ፣ የኔዋ 5ኤል ሲንግል ጋቢና ናት። ድንችና ማዳበሪያ እጭናለሁ። ገንዘቤ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚበቃው። የቱን ላድርግ?" አሉኝ።

እንዲህ አልኳቸው። "ጋሼ፣ እርስዎ ሊፍት አያስፈልግዎትም። መጀመሪያ ጎማዎቹን እንይ። አራቱም አንድ መጠን ካልሆኑ ወይም ካረጁ ገንዘብዎን እዚያ ላይ ያውሉት። ጎማው ደህና ከሆነ ሁለት የኋላ ሾክ ይግዙ፤ አንድ ብቻ አይቀይሩ። ባሌስትራው በሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል። እስከዚያው በአንድ ጉዞ ሁለት ኩንታል ይቀንሱ።"

"ሁለት ኩንታልማ ብዙ ነው" አሉ።

"አንድ ተኩል" አልኳቸው። ተስማማን።

ሲያበቃ አብረን ወርደን ከመኪናቸው ሥር ገባን። ጎማዎቹ ጥርሳቸው አለ፤ የሦስት ዓመት ናቸው። የኋላ ግራው ሾክ ከላይ እስከ ታች በዘይት ርሷል፤ አቧራው ላዩ ላይ እንደ ጭቃ ተጋግሯል። የላይኛው ጎሚኒም አልቆ ብረት ከብረት ይጋጫል። ጋሼ በጣታቸው ጎሚኒውን ነካ አድርገው "ይህን ድምፅ ከመስከረም ጀምሮ እሰማው ነበር" አሉኝ።